ከደጃፋችን እስከ ባሕሩ ማዶ



በቅርቡ ከጎንደር የገባ አንድ ቤተሰብ ቡና ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። አቦሉ ተቀድቶ ሳለ የቤቱ አባወራ በራዲዮ የሰማውን አንድ ነገር አነሣ። «ጋሼ፣ የሜዲትራኒያን ሕዝቦች ውይይትና ትብብር የሚሉት ነገር አለ። ይህ ለእኛ ምናችን ነው? እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ባሕር ያየነው በአውሮፕላን መስኮት ነው። ከታችኛው ቤት ሰው ጋር እንኳ ገና ሰላምታ አልተለዋወጥንም» አለኝ።

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጡና ጨዋታው ተቋረጠ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ለእርሱና ይህን ጥያቄ በልባቸው ለያዙ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ሁሉ ይሁን ብያለሁ። እንደ ልማዳችን ወላጆች በአማርኛው ገጽ፣ ልጆች በዕብራይስጡ ገጽ አንብቡትና ማታ ተነጋገሩበት። ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሚሙና ሌሊት

ነገሩን ከሩቅ ሳይሆን ከደረጃችን ልጀምር። እኛ ወደ ቂርያት ዔቅሮን በገባንበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ፋሲካ (ፔሳሕ) ባለቀበት ምሽት፣ ጨለማ ሲይዝ የሕንፃው በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከላይኛው ፎቅ ዘፈን፣ ከመካከለኛው እልልታ ይሰማል። ሰው ሳይጠራ ይገባል፤ ጣፋጭ ቀምሶ ይወጣል፤ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። እኛ ሠርግ መሰለን። ባልተጠሩበት ሠርግ መገኘት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብለን በራችንን ቆልፈን፣ መብራቱን ቀንሰን ተቀመጥን።

ጥቂት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ ከሞሮኮ የመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። በእጃቸው ሰሐን ይዘዋል፤ በሰሐኑ ላይ ቅቤና ማር የተቀባ ስስ ቂጣ ተደራርቧል። ስለ ቡናችን ጢስ ሊወቅሱን የመጡ መስሎን ደነገጥን። ኡልፓን የጀመረችው ታላቋ ልጄ ንግግራቸውን ሰምታ እንዲህ ብላ ተረጎመችልን፦ «ዛሬ በር የሚዘጋ ሰው የለም። የእናንተ ተዘግቶ ባየሁ ጊዜ ከመካከላችሁ ሰው የታመመ መስሎኝ መጣሁ።»

እኛ ለክብራችን ብለን የዘጋነውን በር እርሳቸው የሕመም ምልክት አድርገው አዩት። በመካከላችን አንዳች ክፋት አልነበረም። ነገር ግን እርሳቸው ባይመጡ ኖሮ፣ እኛ «ጎረቤቶቻችን አይጠሩንም»፣ እነርሱም «አዲሶቹ ሰው አይወዱም» እያልን ዓመታት በቆጠርን ነበር።

ያ ሌሊት ሚሙና ይባላል። በዓሉ ከሰሜን አፍሪቃ፣ በተለይም ከሞሮኮ የመጣ ነው። በሞሮኮ በ1948 ሩብ ሚሊዮን ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር። በፋሲካ ሰሞን ሕጉ እንደሚያዝዘው እርሾ ያለበትን ሁሉ ከቤታቸው ያስወጣሉ። በብዙ ከተማና መንደር በዓሉ ሲያልቅ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ዱቄት፣ እርሾ፣ ወተት፣ ቅቤና ማር ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። አይሁዱም በዚያ ዱቄት ሙፍሌታ የሚባለውን ስስ ቂጣ ጋግረው አብረው ይቀምሳሉ። ከበዓሉ በኋላ የሚበላው የመጀመሪያው ማዕድ ከጎረቤት እጅ በመጣ ዱቄት ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ኑሮው ሁሉ ማር ነበር ማለቴ አይደለም። በጁን 1948 ኡጅዳና ጀራዳ በሚባሉ የሞሮኮ ከተሞች በተነሣው ሁከት ከአርባ በላይ አይሁድ ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤልና ወደ ሌላ አገር ወጣ። የዱቄቱ ትዝታ ግን በሁለቱም ወገን ቀረ። በ2007 በኢፍራን ከተማ በአል አኸዋይን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሙስሊም ተማሪዎች የአገራቸውን የአይሁድ ቅርስ የሚያጠናና የሚጠብቅ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ስሙን «ሚሙና» ብለው ሰየሙት። በ2011ም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ናዚዎች በአይሁድ ላይ ስለ ፈጸሙት እልቂት (ሾዓ) ጉባኤ አዘጋጁ። አንድ ሰሐን ዱቄት ምን ያህል ዘመን እንደሚሻገር ከዚህ ተመልከቱ።

እኛም ብንሆን ጎረቤት የማናውቅ ሕዝብ አልነበርንም። በጎንደር፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በስሜን የኖሩ አባቶቻችን ለክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ቀጥቅጠዋል፤ እናቶቻችን ማሰሮና ጀበና ሠርተዋል። በመንጻት ሕጋችን ምክንያት አብረን አንበላም ነበር፤ ከውጭ የዋለም ሰው በወንዝ ሳይታጠብ ወደ ቤት አይገባም። ሆኖም በሐዘንና በችግር ጊዜ ተጠያይቀናል። ርስት መከልከሉም፣ «ቡዳ» ተብሎ መጠርጠሩም የታሪካችን ክፍል ነው። ስለዚህ ጎረቤትነት ጣፋጭም መራራም መሆኑን ሌላ ሰው እንዲያስተምረን አያስፈልገንም።

የአንድ ባሕር ሰዎች

አሁን «ባሕሩ ምናችን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ።

የከተማችን ስም ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው። ዔቅሮን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አቃሮን የምትባለው፣ ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደምናነበው፣ ታቦቱ ተማርኮ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር የደረሰባት ናት፤ ከዚያም በሁለት ላሞች በሚጎተት ሠረገላ ወደ ቤት ሼሜሽ ተመለሰ። የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ የሚገኘው ከእኛ በስተደቡብ፣ በኪቡጽ ረቫዲም አጠገብ ነው። ከ1981 እስከ 1996 በተደረገው ቁፋሮ ከመቶ በላይ የወይራ ዘይት መጭመቂያዎች ተገኝተዋል፤ በ1996 ደግሞ የከተማዋ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ወጥቷል። ፍልስጥኤማውያን በባሕር ተሻግረው የመጡ ሕዝብ ነበሩ። ነቢዩ አሞጽ በዘጠነኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያን ልጆች፣ የእስራኤልን ከግብጽ መውጣትና የፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር መምጣት በአንድ ቦታ ያነሣቸዋል። ይህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የሚሰፍርበት ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ1883 አጠገባችን ያለችው ዔቅሮን ተመሠረተች፤ ጥቂት ቆይቶ ስሟ ማዝኬሬት ባትያ ተባለ። የእኛ ከተማ ባለበት ቦታ እስከ 1948 ድረስ ዓቂር የሚባል፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች የሚኖሩበት የዐረብ መንደር ነበር፤ በሜይ 1948 በጦርነቱ ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ ከየመን፣ ከባልካንና ከሰሜን አፍሪቃ የመጡ አይሁድ ሰፈሩበት። ይህን የማነሣው ከእኛ በፊት በቦታው ማን እንደነበረ ማወቅ የውይይት መጀመሪያ ስለሆነ ነው። እኛም የመጣንበትን መንደር ስም ሌላው ሰው እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ዛሬ በሕንፃችሁ መግቢያ ባሉት የፖስታ ሣጥኖች ላይ ያሉትን ስሞች አንብቡ፤ ባለቤቶቹንም ወላጆቻችሁ ከየት መጡ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ከሞሮኮ፣ ሌላው ከቱኒዝያ፣ ሦስተኛው ከሊቢያ ወይም ከቱርክ ይሏችኋል። የባሕሩን ዳርቻ ግማሹን ያህል በአንድ ደረጃ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።

እኛስ? «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባለ ሲተረት አድገናል። ለካስ ማደሪያ አለው፤ ማደሪያው ይህ ባሕር ነው። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከመቶው ሰማንያ አምስት ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። አባይና ተከዜ ጠርገው የሚያወርዱት ደለል ለብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ባሕሩ እየገባ፣ ሞገድና ወራጅ እየገፋው ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ኖሯል። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ነበር። የእስራኤል ጠረፍ አሸዋ አብዛኛው ናይል ያመጣው መሆኑን የምድር ጥናት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ልጆቻችሁ ፓልማሒም ወይም አሽዶድ ሄደው በአሸዋው ሲጫወቱ፣ ከእግራቸው ሥር ከስሜን ተራራ ታጥቦ የወረደ ቅንጣት ሊኖር ይችላል። የአገራችን አፈር ከእኛ ቀድሞ ዓሊያ አድርጓል ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ባርሴሎና፣ 1995

በራዲዮ የሚነገረው የሜዲትራኒያን ውይይት በስፋት የተጀመረው በኖቬምበር 1995 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ከተገደሉ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በወሩ 27ና 28 ቀን፣ በስፔን በባርሴሎና ከተማ አሥራ አምስት የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና አሥራ ሁለት የባሕሩ አካባቢ ወገኖች ተሰበሰቡ። እነዚህም አልጄሪያ፣ ቆጵሮስ፣ ግብጽ፣ እስራኤል፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ማልታ፣ ሞሮኮ፣ የፍልስጥኤም አስተዳደር፣ ሶርያ፣ ቱኒዝያና ቱርክ ነበሩ። በመካከላቸው ጦርነት ያላበቃ መንግሥታት በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ።

ስምምነቱ ሦስት ክፍል ነበረው። አንደኛው ስለ ፖለቲካና ጸጥታ፣ ሁለተኛው ስለ ኢኮኖሚ፣ ሦስተኛው ስለ ማኅበራዊ ኑሮ፣ ስለ ባህልና ስለ ሰው ለሰው ግንኙነት ነው። በሦስተኛው ክፍል መንግሥታቱ አንድ እውነት አምነው ጻፉ፤ ይኸውም ለትብብሩ የሲቪል ማኅበረሰብ አስተዋጽኦ አስፈላጊ መሆኑን ነው። የመንግሥታቱ ጉባኤ እንዳበቃ በዚያው ከተማ የሲቪል ማኅበራት ጉባኤ ተደረገ። በ2005 ደግሞ በተገደሉት የስዊድን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በአና ሊንድ ስም የተሰየመ የባህሎች ውይይት ድርጅት በግብጽ በእስክንድርያ ተከፈተ። በ2008 በፓሪስ የሜዲትራኒያን ኅብረት የሚባለው ተመሠረተ። በ2020 የኅብረቱ አባል አገሮች ኖቬምበር 28ን የሜዲትራኒያን ቀን ብለው ሰየሙት።

«ታዲያ ምን ፋይዳ አመጣ?» ብትሉኝ፣ በግልጽ እናገራለሁ። በ2010 ይደረሳል የተባለው የነጻ ንግድ ቀጠና አልተደረሰም። ሰላም ይሆናል የተባለው ባሕርም ብዙ ደም አይቷል። በ2000 በተነሣው ሁከት፣ ከዚያም ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 እልቂትና ከተከተለው ጦርነት ወዲህ፣ ብዙ የተጀመረ ንግግር ተቋርጧል፤ ብዙ ሰው እጁን ሰብስቧል። ሐዘን ቤቱ የገባበትን ሰው «ተወያይ» ብሎ መገሠጽም ተገቢ አይደለም።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት እናገኛለን። መንግሥታት ሲጣሉ ትልቁ ገመድ ይበጠሳል። የሚተርፈው የመምህር ከመምህር፣ የሐኪም ከሐኪም፣ የጎረቤት ከጎረቤት ቀጭን ክር ነው። የሞሮኮ ተማሪዎች ማኅበር የተመሠረተው በሞሮኮና በእስራኤል መንግሥታት መካከል ሙሉ ግንኙነት ባልነበረበት ጊዜ ነው። መንግሥታቱ የተስማሙት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2020 ነው።

እድራችን በዕብራይስጥ

«ሲቪል ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ለጆሯችን አዲስ ነው። ትርጉሙ መንግሥት ሳያዝዛቸው፣ ትርፍም ሳይፈልጉ፣ ሰዎች ለጋራ ጉዳያቸው በፈቃዳቸው የሚሰባሰቡበት ማለት ነው። እንግዲህ ይህ እድር አይደለምን? ደቦ አይደለምን? ሴቶቻችን እዚህም ሳይተዉ የያዙት ቁብ አይደለምን? የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችንስ? ነገሩን ይዘነው መጥተናል። የጎደለን እዚህ አገር የሚጠራበት ስምና የሚሠራበት ደንብ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ቫዓድ ባይት ነው፤ የሕንፃው ነዋሪዎች የሚመርጡት ኮሚቴ። በ1969 በወጣው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያው፣ መግቢያው የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ ለጥገናውና ለጽዳቱም እያንዳንዱ ባለቤት ድርሻውን ይከፍላል። የሚከፍል ሰው ደግሞ በስብሰባው ተገኝቶ የመናገር፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ የመጠየቅ፣ የመምረጥም መብት አለው። ልክ እንደ እድር ነው፤ ልዩነቱ ቤት የገዛ ሰው «አባል አልሆንም» ሊል አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛው ዓሙታ ነው፤ በሕግ የተመዘገበ ማኅበር። በ1980 በወጣው የዓሙቶት ሕግ መሠረት ሁለት አዋቂዎች ቢስማሙ ማኅበር አቋቁመው ማስመዝገብ ይችላሉ። ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴና ሒሳብ የሚመረምር አካል ሊኖረው ይገባል፤ ትርፍም ለአባላት አይከፋፈልም።

ሦስተኛው ጊሹር ነው፤ የሰፈር ሽምግልና ልንለው እንችላለን። በብዙ ከተሞች የጊሹርና የውይይት ማዕከሎች አሉ። ከእኛ ሽምግልና የሚለየው አስታራቂው ፍርድ አለመስጠቱና «ይህን ያህል ካስ» አለማለቱ ነው። ሁለቱን አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ሌላውን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ያደርጋል፤ ስምምነቱን የሚጽፉት ባለጉዳዮቹ ናቸው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ሕንፃ የሆነውን ላጫውታችሁ። አንድ አዲስ ገቢ አባት በየወሩ በበሩ ላይ የሚለጠፍለትን የዕብራይስጥ ወረቀት የሱቅ ማስታወቂያ እየመሰለው ይጥለው ነበር። ወረቀቱ የቫዓድ ባይት ክፍያ ነው። አራት ወር አለፈ። የኮሚቴው ሰው አንድ ቀን በደረጃው ላይ አገኘውና በጎረቤት ፊት ጮኸበት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ በመካከል ቆሞ እንዲተረጉም ተደረገ። ልጁ አባቱ እንዳይዋረድበት ብሎ ስድቡን ዋጠው፤ «ስለ ጽዳት ነው የሚያወራው» ብቻ አለ። አባትየው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀና አልፎ ሄደ። ሰውየው «ስሰድበው ይስቅብኛል» አለ። ከዚያ በኋላ በዚያ ደረጃ ላይ ሰላምታ ጠፋ፤ ልጁም ከሰውየው የልጅ ልጅ ጋር ኳስ መጫወት ተወ።

ነገሩ የተፈታው በአንድ ማታ ነው። አንድ ሽማግሌያችንና ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ሁለቱን በቡና አገናኟቸው። አባትየው ወረቀቱን አለማወቁን ተናገረ፤ ዕዳውንም በሦስት ወር ሊከፍል ተስማማ። የኮሚቴው ሰው ዝም ብሎ ቆየና ስለ አባቱ ማውራት ጀመረ። አባቱ ከሊቢያ የመጡ ናቸው፤ ከ1949 እስከ 1951 ከሠላሳ ሺህ በላይ የሊቢያ አይሁድ ወደዚህ ሲመጡ ከመጡት አንዱ። በድንኳን ሰፈር ሳሉ የማይገባቸውን ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይዞሩ እንደነበርና ይተረጉምላቸው የነበረው እርሱ ራሱ፣ ትንሽ ልጅ ሳለ፣ እንደነበር ነገራቸው። «እኔም የምውጠው ቃል ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው በሁለት ቋንቋ ይለጠፋል፤ አማርኛውን የሚጽፈው ያ አባት ነው።

በዚህ ውስጥ ባርሴሎናም እስክንድርያም የለም። ግን የሊቢያ ልጅና የጎንደር ልጅ በአንድ ደረጃ ላይ ተወያይተው በጽሑፍ ተስማሙ። ራዲዮው የሚለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው።

ውይይት ልመና አይደለም

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ተወያዩ ስንል በደልን ዋጡ ማለታችን አይደለም። የለገስነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር በ1996 በጋዜጣ በወጣ ጊዜ፣ ወገኖቻችን በጃንዋሪ ወር በኢየሩሳሌም በብዙ ሺህ ሆነው ወጥተው ድምፃቸውን አሰምተዋል። ይህም የሲቪል ማኅበረሰብ ሥራ ነው። ከእኛ በፊት የመጡትም ይህን አልፈውበታል፤ ከሞሮኮ የመጡ ሰዎች በ1959 በሐይፋ በዋዲ ሳሊብ፣ ልጆቻቸውም በ1971 በኢየሩሳሌም ስለ መገፋታቸው ጮኸዋል። ታሪካቸውን ጠይቃችሁ ስሙ፤ የራሳችሁን ታሪክ ትሰማላችሁ። ባለፈው ትውልድ የተገፋ ሰው ሁልጊዜ ለአዲሱ ይራራል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ይረሳዋል። ሲጠየቅ ግን ብዙው ያስታውሳል።

በጽናት ሲሠራ ምን እንደሚገኝም እንይ። ሚሙና በፊት በቤት ውስጥ የሚከበር የአንድ ወገን በዓል ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ የሞሮኮ ልጆች በማኅበር ተደራጅተው ወደ አደባባይ አወጡት፤ ዛሬ ከየትም የመጣ ሰው ያከብረዋል። ስግዳችንም እንዲሁ ነው። ቄሶቻችን ኦሪቱን ይዘው በአምቦበር ተራራ ይወጡ የነበረው ጸሎት በኢየሩሳሌም ቀጠለ፤ ማኅበራትና ሽማግሌዎች ደጅ ጠንተው በ2008 ክኔሴት በሕግ የመንግሥት በዓል አደረገው። ስግድ ከኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን ይውላል። ታዲያ ጎረቤት የሚሙናን በር ከከፈተልን፣ እኛስ የስግድን በር ከፍተናል ወይ? የሞሮኮዋን እናት፣ የየመኑን ሽማግሌ፣ ከሩሲያ የመጣውን ቤተሰብ «ኑ፣ ዳቦ ቅመሱ፣ ስለ በዓላችን ስሙ» ብለናል ወይ?

ምን እናድርግ?

በዚህ ወር እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያደርጋቸው የሚችል አራት ነገር አለ።

መጀመሪያ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ያሉትን ጎረቤቶቻችሁን ስም እወቁ። ዕብራይስጥ ባይበቃችሁ ሻሎም ብላችሁ ስማችሁን ንገሩ፤ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በበር ላይ የተለጠፈ ወይም በሣጥን የተገኘ ወረቀት ሳይነበብ አይጣል። በማትናሱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ ካለ አሳዩት።

ሦስተኛ፣ ጠብ በተነሣ ጊዜ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ የአባቱን ክብር ሲጠብቅ እውነቱን ይሸሽጋል፤ ወይም የሰማውን ስድብ ይዞት ያድጋል። ትልቅ ሰው ፈልጉ፤ ካልተገኘ ለነገው አቆዩት።

አራተኛ፣ በስብሰባ ተገኙ። የቫዓድ ባይት ስብሰባ፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ፣ ሁሉን ባትሰሙ እንኳ ተቀመጡ። ባዶ ወንበር «ፍላጎት የለውም» ተብሎ ይተረጎማል፤ እኛም ለአክብሮት የዘጋነው በር በሕመም ተተርጉሞብን ነበር።

ለቡናው ጋባዤ ያልጨረስኩት መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ወንድሜ፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። የባሕሩ ማዶ ሰው ከታችኛው ፎቅ ይኖራል። ሚኒስትሮቹ ሥራቸውን ይሥሩ፤ አንተ ወርደህ አንኳኳ። ከቻልክ ባለቤትህ የጋገረችውን ዳቦ ይዘህ ውረድ፤ ካልሆነ ባዶ እጅህንም ቢሆን ሂድ። ቀድሞ ማንኳኳት የአዲስ ሰው ፋንታ አይደለም የምትል ከሆነም ልክ ነህ፤ የነባሩ ፋንታ ነበር። ግን ሁለቱም «የእርሱ ፋንታ ነው» እያሉ ሲጠባበቁ ስንት ፋሲካ እንደሚያልፍ አይቻለሁ።

እኒያ ባልቴት ዛሬ በሕይወት የሉም። በሐዘናቸው ሰባት ቀን ቤታቸው ስንመላለስ ልጆቻቸው ቡና የምናፈላበትን ጀበና ተቀብለውን ከምድጃቸው ላይ ጣዱት። በየዓመቱ በሚሙና ሌሊት በራችንን የምንከፍተው እርሳቸውን እያሰብን ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ፤ ቸር ወሬ ያሰማን።